ከራቬና መልስ

ንጋት ባቡር መንዳት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። በስቶክሆልም ከተማ ምድር ለምድር በሚሄደው ቱነልባና፣ በሰማያዊው መስመር፣ በቀን ስንት ሺህ ሰው አሳፍራ እንደምታወርድ እሷም አታውቀው። ያን የሐምሌ ጠዋት ግን ራሷ ተሳፋሪ ሆና፣ ጣልያን አገር፣ ከቦሎኛ ወደ ራቬና በሚወስደው ባቡር ውስጥ ተቀምጣ፣ እጆቿን የምታሳርፍበት አጥታ ነበር። አንዴ ጉልበቷ ላይ ታደርጋቸዋለች፣ አንዴ ቦርሳዋ ላይ። ፊት ለፊቷ የሕሩይ እናት ወይዘሮ ምንትዋብ ተቀምጠዋል። ከጎኗ ሕሩይ አለ። በመሐላቸው ደግሞ እናትየው የማያውቁት ምስጢር አለ።

ምስጢሩ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ስሟ ፌበን ይባላል።

ንጋትና ሕሩይ የተዋወቁት ካቻምና በጥር ብርድ ነው። እሷ ሪንከቢ ጣቢያ በሮቹን ዘግታ ልትነሳ ስትል በመስታወቱ አንድ ስስ ጃኬት የለበሰ ሰው ደረጃውን እየዘለለ ሲሮጥ አየች። መክፈት አልነበረባትም፤ ግን ከፈተችለት። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሰውየው እስከ ፊተኛው ፉርጎ ድረስ ሄዶ መስኮቷን አንኳኳና በተሰባበረ ስዊድንኛ አመሰገናት። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ አይታ፣ «ምንም አይደለም፤ ነገ ግን ቀደም ብለህ ውጣ» አለችው በአማርኛ። ሕሩይ በነጋታውም፣ ከዚያ ወዲያም፣ ቀደም ብሎ እየወጣ ፊተኛው ፉርጎ ላይ መሳፈር ጀመረ።

እሱ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ሦስት፣ አባቱ ዳኛ የነበሩ፣ እናቱ ለብዙ ዘመን ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ። እሷ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። በስምንት ዓመቷ በሱዳን በኩል ከተሰደዱ ወላጆቿ ጋር ስዊድን ገብታ እዚያው አደገች። አባቷ አቶ ዕንባቆም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያንኑ ቱነልባና ሲያጥቡ ኖረዋል። አግብታ ፈትታለች። የፌበን አባት ዮተቦሪ በምትባል ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ለልደቷ ይደውላል።

«እማዬ ለእኔ ያላሰበችው የለም» ነበር ያላት ሕሩይ፣ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቴንስታ በሚገኘው ቤቷ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው። እናቱ እግሯን የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ቦሎኛ ሊመጡ ነበር፤ ሕሩይና ንጋትም እዚያ ሊያገኟቸው። «የፈታች፣ ልጅ ያላት ካልኳት ሌላውን አትሰማኝም። አንድ ቀን አብረሻት ዋይ። ታይሽና ትወድሻለች። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ልጄን ደብቂ ነው የምትለኝ?»

«ደብቂ አላልኩሽም። አታንሺያት ነው ያልኩሽ። አንድ ቀን ብቻ፣ ንጋትዬ።»

ፌበን ያን ጊዜ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነበረች። ሕሩይ ብስክሌቷን የጠገነላት፣ ቼዝ ያስተማራት ሰው ነው። እሱ በአማርኛ ሲጠይቃት እሷ በስዊድንኛ ትመልስለታለች፤ ስለዚህ አማርኛው እምብዛም እንደማይገባት አድርጎ ነው የሚያስበው። ንጋት በሩን አየት፣ ፊቱን አየት አደረገች። ዓይኖቹ ውስጥ ልመና ነበር። እሺ አለችው። 

*

ራቬና ሲደርሱ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ወይዘሮ ምንትዋብ ነጠላቸውን ጥላ አድርገው፣ ባለ ሱቆቹን በእንግሊዝኛ እየጠየቁ፣ ከሁለቱም ቀድመው ይሄዱ ነበር። ቁመታቸው ሎጋ ነው፤ ንግግራቸው ቀስ ያለ። ንጋትን ሲጠይቋት እንደ አማት ሳይሆን አዲስ መምህር እንደሚቀጥር ሰው ነው፦ አባትሽ ደህና ናቸው? ሥራው አይከብድም? አንዲት ሴት ያን ሁሉ ሕዝብ ተሸክማ ስትሄድ አትፈራም?

«መጀመሪያ እፈራ ነበር እትዬ» አለች ንጋት። «አሁን የምፈራው ከኋላዬ ያለውን ሳይሆን ፊት ለፊቴ ያለውን ነው።»

ወይዘሮ ምንትዋብ ከት ብለው ሳቁ። ሕሩይ በእናቱ ጀርባ በኩል ዓይኑን ጠቀሳት።

የገቡበት ቤተ ክርስቲያን ሺህ አምስት መቶ ዓመት የሞላው ነው አሉ። ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ፣ በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተሠሩ ቅዱሳን ተሰልፈው ይሄዳሉ። ቱሪስቱ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ይርመሰመሳል። ወይዘሮ ምንትዋብ ደፉ ላይ ቆሙ፤ ግራ ቀኝ አዩና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ አያወልቁም» አለ ሕሩይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እነሱ አያወልቁ።»

ንጋት ምንም ሳትናገር የራሷን አወለቀች፤ የእሳቸውንም ተቀብላ ሁለቱንም ጥንድ በአንድ እጇ ያዘች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። ወይዘሮ ምንትዋብ ክንዷን ያዙና ባዶ እግራቸውን ጎን ለጎን ገቡ። ሕሩይ ጫማውን እንደተጫማ ከኋላቸው ተከተለ።

«ከላያቸው የተጻፈው ምንድን ነው? ዓይኔ አላደርስ አለኝ።»

«ስማቸው ነው፣ እትዬ።» ንጋት አንጋጣ ታነብላቸው ጀመር። «አግነስ። ሉቺያ። አናስታሲያ። ክርስቲና። ዩጂንያ።» ወይዘሮዋ እያንዳንዷን ስም በለሆሳስ ይደግማሉ፤ አንዳንዱን ሲያውቁት ፊታቸው ይበራል፣ ያማትባሉ። ሰልፉ የሚያልቀው ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው እመቤታችን ዘንድ ነው።

«ያኔ ሴት ልጅ ስትወልዱ» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ ክንዷን ጫን አድርገው፣ «የክርስትና ስሟን ከነዚህ ከአንዷ እናወጣለን። እኔ እመርጣለሁ፤ ይህን ትተዉልኛላችሁ።»

ሕሩይ ሳቀ። ንጋትም ለመሳቅ ሞከረች። ፌበን ክርስትና የተነሳችበት ቀን ታወሳት፤ ቄሱ ሲያጠምቋት ጢማቸውን ጨብጣ አልለቅ ያለችው፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ የሳቀው። ያን ለእኚህ ሴት ብትነግራቸው እንዴት በሳቁ ነበር! አልተናገረችም። የሕሩይ እናት እንደወደዷት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ያን ያህል ስትመኘው የከረመች ሴት፣ ሲመጣላት እንደ ተሰረቀ ዕቃ እጇን ያቃጥላት ጀመር።

*

ወደ ቦሎኛ ሲመለሱ ባቡሩ መሐል ሜዳ ላይ ቀጥ አለ። በአንዱ በኩል የኮክ ተክል፣ በሌላው የበቆሎ ማሳ። ማቀዝቀዣው ለጥቂት ደቂቃ ሲያጓራ ቆየና ጸጥ አለ።

«ኃይል ተቋርጦ ነው» አለች ንጋት ድምፁን ሰምታ። «ሩብ ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰዓትም። ማንም እንዳይነሳ፤ ያላችሁን ውኃ ቆጥባችሁ ጠጡ።»

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወረደባቸው። ወይዘሮ ምንትዋብ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ከዚያ «አዞረኝ» አሉና ወደ ጎን ዘመም አሉ። ሕሩይ ደንግጦ ተነስቶ ቆመ። ንጋት ግን አልደነገጠችም። ባቡር ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ስታነሳ የመጀመሪያዋ አይደለም። እግራቸውን ወንበሩ ላይ አወጣች፤ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አስደገፈች፤ ነጠላውን በውኃ አርሳ ግንባራቸውንና አንገታቸውን ታብስ ጀመር።

«አይዞዎት እትዬ። ቀስ ብለው ይተንፍሱ። እዚሁ ነኝ።»

«ልጄ» አሉ ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፤ እጇን ፈልገው ያዙ። «ልጄ፣ አትልቀቂኝ።»

ሕሩይ በድምፅ ማጉያ የሚነገረውን የጣልያንኛ ማስታወቂያ ሊያስተረጉምበት የንጋትን ስልክ ይዞ ነበር። በእጁ እንዳለ ጮኸ። ሊያጠፋው ብሎ ነካው፤ ተከፈተ። የልጅ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ማማ? ማማ፣ ትሰሚኛለሽ? እናቱ ወደደችሽ?»

ሁሉም በስዊድንኛ ነበር። ከዚያ ሁሉ ቃል ወይዘሮ ምንትዋብ የገባቸው አንዱ ብቻ ነው። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማናት እሷ? ማማ ነው እንዴ ያለችሽ?»

ንጋት አፏን ከፈተች። ሕሩይ ቀደማት።

«የእህቷ ልጅ ናት፣ እማዬ። እዚያ አገር ልጆች አክስታቸውንም እንዲህ ነው የሚጠሩት።»

ወይዘሮዋ ልጃቸውን አላዩትም። ጭኗ ላይ እንደተንጋለሉ ያዩ የነበሩት ንጋትን ነው፤ በሰላማዊ፣ በሚያምን ዓይን። «እንዲያ ነው፣ ልጄ?»

አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረች። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ንጋት የሕሩይን ፊት አየች፤ ላቡ በጉንጩ ይወርዳል፣ ከንፈሩ በልመና ደርቋል። እጇን የያዙትን የእናቱን እጅ አየች።

«አዎ እትዬ» አለች። «የእህቴ ልጅ ናት።»

ስልኩን ስትቀበለው መስመሩ ተዘግቶ ነበር። ከአፍታ በኋላ ባቡሩ ተንቀጠቀጠና መሄድ ጀመረ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ነፋስ መጣ። ወይዘሮ ምንትዋብም ቀለማቸው ተመለሰ። ንጋት በመስኮቱ እየተመለከተች የኮኩን ዛፍ ልትቆጥር ሞከረች፤ ግን ቁጥሩ ጠፋባት። አፏ ውስጥ የነበረው ጣዕም የደም ጣዕም ነበር፤ ምላሷን መቼ እንደነከሰችው አላወቀችም።

*

እናቱን እህታቸው ቤት አድርሰው ወደ ሆቴላቸው ሲመለሱ፣ ሕሩይ በቦሎኛ ረጃጅም ቅስቶች ሥር እንደ ልጅ እየዘለለ ነበር የሚሄደው።

«ወደደችሽ እኮ! ስትለያዩ ግንባርሽን ስትስምሽ አላየሽም? ስልክ ቁጥሯን ስትሰጥሽ? እማዬ እኮ ለሰው እንዲህ አትሆንም።»

«የወደዷት ማንን ነው?»

«አንቺን ነዋ!»

«እሳቸው የወደዷት ሴት ልጅ የላትም» አለች ንጋት፣ ቆም ብላ። «እኔ አለችኝ። እኔን ገና አላዩኝም፣ ሕሩይ።»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ትናንትም ነገ ነበር ያልከኝ።»

«ታማለች እኮ! በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ምን እንድል ፈለግሽ?» ድምፁ ከቅስቱ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። «አንቺም ብለሻል። እኔ ብቻዬን አላልኩም።»

እውነት ነው። ብላለች። ንጋትን ከሁሉ በላይ ያቆሰላት ይኸው እውነት ነው። ያን ያህል ስትወደው የኖረችው ሰው ክንዱ ሊነካት ሲል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቷ ሸሸ።

በነጋታው ለእናቱ አልተናገረም።  ስቶክሆልም ሲያርፉ «ደውዪልኝ» አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እምቢ ለራሷም አልታወቃት።

*

ፌበን የቆየችው ሃሉንዳ፣ በንጋት እህት በሊሊ ቤት ነበር። ሊሊ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ በዓይኗ ጠቆመች።

«ላንቺ ከደወለችበት ቀን ጀምራ እንዲሁ ናት። ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ ምግብም አትበላም። ምን እንደነካት አላወቅኩም።»

ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እናቷን አልሳመችም። ከሃሉንዳ መሐል ከተማ ድረስ በቀዩ መስመር ሲሄዱ ከእናቷ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር ትታ ማዶ ተቀመጠች። ንጋት ስለ ራቬና ትነግራት ጀመር፤ ስለ ድንጋዩ ሥዕል፣ ስለ ሙቀቱ። ልጅቷ በመስኮቱ የዋሻውን ጨለማ ታያለች።

«ንጋት» አለች በስዊድንኛ፣ ባቡሩ ሲቆም። «እዚህ ነው የምንቀይረው።»

 አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጇ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

ቴንስታ ደርሰው የቤታቸው በር ከኋላቸው ተዘጋ። ፌበን ጫማዋን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ከዚያ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በልመናም በጉቦም ያልተገኘውን ነገር አደረገች፤ በአማርኛ ተናገረች።

«የእህትሽ ልጅ ከሆንኩ» አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳች፣ «ለምን ከሊሊ ቤት አመጣሽኝ?»

ንጋት ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መስመሩ ያን ጊዜ አልተዘጋም ነበር ማለት ነው። ልጅቷ የሕሩይንም ሰምታለች፤ የሷንም ሰምታለች፤ ሰምታ ነው የዘጋችው። ፈርቼ ነው፣ ሴትዮዋ ታመው ነው፣ ሕሩይ ነው ያለው፤ ይህ ሁሉ ምላሷ ላይ ተሰልፎ መጣ። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የራሷን ጭንቀት ማሸከም መስሎ ታያትና ሁሉንም ዋጠችው።

«ዋሽቼ ነው» አለች። «የወለድኩሽ እኔ ነኝ። ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«ሰው እንዲወደኝ ብዬ።»

ፌበን ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረደች። «እኔ እወድሽ ነበር እኮ» አለች። መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ነበር» ያለችው አማርኛው ስላልሞላላት ይሁን፣ ልክ ያለችውን ማለቷ ይሁን፣ ንጋት ማወቅ አልቻለችም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ስልኳን አወጣች። ከልጇ በር ፊት ለፊት፣ ልጇ እንድትሰማው ድምፁን ከፍታ ወደ ቦሎኛ ደወለች።

«እትዬ፣ ንጋት ነኝ። ባቡሩ ውስጥ የደወለችው ልጅ የእህቴ ልጅ አይደለችም። ልጄ ናት። ስሟ ፌበን ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷን ፈትቻለሁ። የዋሸሁት አንሼ እንዳልታይዎት ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ምንትዋብ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሕሩይ አልነበረም። 

«ያን ዕለት ያልሽውን ልጅቷ ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«አማርኛ ታውቃለች ማለት ነው።»  ሲቀጥሉ ድምፃቸው ያ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ነበር፤ ግን ጠርዙ ተሰንጥቋል። «እኔም አሁን አንቺን መዋሸት አልጀምርም። ለልጄ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም። ነገ መጥቶ ፍቀጂልኝ ቢለኝ እሺ የምለው አይመስለኝም። ይህን አንቺው ስሚው። ግን አንዲት እናት ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ይዛ፣ እኔን ላስደስት ብላ የወለደችውን ከካደች፣ ያ የእኔም ነውር ነው። ለልጅሽ ንገሪልኝ። ይቅርታ ብለዋል በያት።»

ከበሩ ማዶ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ንጋት ግን ከበሩ ሥር በሚወጣው ብርሃን ላይ ሁለት ትናንሽ እግሮች ጥላቸውን ጥለው አየች። 

*

በአራተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ የተጻፈው ስም የንጋት አልነበረም፤ የፌበን ነው። ልጅቷ ከፈተችው፤ ፊደሉን አየችው፤ አገላበጠችው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አንብቢው» አለች።

ንጋት የሕሩይን እጅ ጽሑፍ ወዲያው አወቀችው። ማንበብ ጀመረች።

«ፌበን፦ በስዊድንኛ የማውቀው የይቅርታ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባቡር ውስጥ የሰው እግር ስረግጥ የምለው ነው። ላንቺ አይበቃም። ስለዚህ በምችለው ቋንቋ ጻፍኩልሽ። አማርኛ የማይገባሽ ይመስለኝ ነበር። ቢገባሽም ባይገባሽም ያን ቃል ማለት አልነበረብኝም። መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። እናትሽ የደገመችው እኔ አፏ ውስጥ ያስገባሁትን ነው። ለእናቴ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ እናትሽ ግን ቀድማኛለች፣ እኔ እንደ ልማዴ ዘግይቻለሁ። እናቴ አልፈቀደችም።»

ንጋት ማንበቧን አቆመች።

«ቀጥዪ» አለች ፌበን።

«ብትፈቅድም ባትፈቅድም እኔ እናትሽን ካንቺ ለይቼ አላውቃትም። አንቺን የካድኩሽ ዕለት እሷንም ነው ያጣኋት። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ከቤታችሁ በታች ባለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ካልጠራሽኝ አልወጣም። ይህን የምታነብልሽ እናትሽ እንደሆነች አውቃለሁ። ድምፅዋ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የኔ ነው። ሕሩይ።»

ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ ነበር። ፌበን ወረቀቱን ከእጇ ወስዳ አጠፈችውና ይዛው ሄደች። ንጋት ባዶው ጠረጴዛ ላይ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ናፈቃት። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እንዲያ አቁስሏት፣ መስኮቷን የሚያንኳኳ እጁ ናፈቃት፤ በመናፈቋም አፈረች።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እንዳለው ወንበሩ ላይ ነበር። ግቢው በልጆች ጩኸት ተሞልቷል፤ ሣሩ ላይ ሴቶች ጨርቅ አንጥፈው ሻይ ይጠጣሉ። ፌበን በመስኮት አየችው። «አይውጣ» አለች በስዊድንኛ። «አንቺ ግን መውረድ ትችያለሽ።»

ንጋት ወረደች። ሕሩይ ሲያያት ብድግ አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከስቷል።

«አትውጣ ብላለች» አለችው።

«እሺ።» ራሱን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ?» ንጋት ሳቅ ያለች መሰለች፤ እንባዋ ግን ቀደማት። «ያን ቃል ከአፌ ያስወጣው ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅር እል ነበር፣ ሕሩይ። ፍርሃት ያልፋል። ያስወጣው አንተን ማጣት አለመቻሌ ነው። አሁንም አልችልም።  ታዲያ ነገ ደግሞ ምን እንደምታስዋሸኝ በምን አውቃለሁ?»

«ሁለተኛ አፍሽ ውስጥ ቃል አላስገባም።»

«አፌ የኔ ነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ሊነካት እጁን አነሳ፤ በቦሎኛ መሸሿን አስታውሶ መለሰው። «እናቴን ሄጄ አልለምናትም» አለ። «ፈቃዷን እሷ በጊዜዋ ታምጣው። እኔ ግን እዚህ እመጣለሁ። በየእሑዱ። እዚህ ወንበር ላይ። ልጅቷ ውጣ እስክትለኝ፤ ወይም ሁለተኛ አትምጣ እስክትለኝ።»

«አልጠብቅህም» አለችው። «ሂድም አልልህም። ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለኝም።»

«ይበቃኛል።»

«ለኔ አይበቃኝም!» አለች፤ ጮክ ብላ ኖሮ ሻይ የሚጠጡት ሴቶች ዞሩ። ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ወደ በሩ ሮጠች። ዞር ብላ ብታየው እንደምትመለስ ስላወቀች ዞር አላለችም።

ፌበን መስኮቱ ላይ ነበረች፤ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ። እናቷ ስትገባ አልዞረችም።

«አልሄደም» አለች በአማርኛ።

ንጋት አጠገቧ ደርሳ ቆመች፤ ወደ ታች አላየችም። «ተናደሽበታል?»

«ትንሽ።»

«በኔስ?»

«በጣም።»

ንጋት ይህን ስትጠብቀው ነበር፤ ሲመጣ ግን አልቻለችውም። «እሱ አይደል መጀመሪያ ያለው?» ብላ አመለጣት፤ ወዲያውም ተጸጸተች። «ለምን በኔ በጣም ሆነ?»

ፌበን ቃሉን ፈለገች። በስዊድንኛ ብትለው በቀለላት ነበር፤ ግን አላለችም።

«እሱ ምኔም አይደለም» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ግን እናቴ ነሽ።»

ንጋት ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ አልደፈረችም። እዚያው ቆመች፤ እንባዋ አገጯ ድረስ እየወረደ፣ ከዚያ በላይ ሳትጠጋ፣ ከዚያ በላይም ሳትርቅ።